ዝናር የገዛ እጅ ቁልፍ መግዛት ለምን አቃተው?

የዛሬው ጽሑፍ አንዳንድ አባቶችን ሊያስቆጣ ይችላል። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ጠመንጃ ያለው አባወራ ለመሣሪያው የማይገዛለት ነገር የለም። የቆዳ ዝናር ያሠራለታል፣ ማንገቻውን ይቀይርለታል፣ ሰደፉን ያስወለውላል፣ ትርፍ ካዝና ያፈላልጋል። ይህ ሁሉ ወጪ ከወጣ በኋላ ግን ጠመንጃው ፍራሽ ሥር፣ ጥይቱ ቁምሳጥን ውስጥ ልብስ መሐል ይገባል። በዚያው ቤት ስኳሩና የክት ልብሱ ይቆለፍባቸዋል። ጥይቱ ግን አይቆለፍበትም።

አቋሜን በአጭሩ ልናገር። ልጅ ባለበት ቤት ለመሣሪያ የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ሁለት ሣጥንና ሁለት ቁልፍ ናቸው። እነዚህ ሳይገዙ የተገዛው ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ጥይት መፍታት፣ ቀለህ መሙላትና እርሳስ ማቅለጥ ደግሞ ቤት ውስጥ ጨርሶ ቦታ የላቸውም።

ጠመንጃ ይኑርዎት ወይስ አይኑርዎት የሚለውን ሕግ ይመልሰዋል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ጉዳዩን ከፖሊስ ጋር ይጨርስ። ስጋቱ ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። በመስቃንና በማረቆ ያየነው ግጭት የብዙ ሰው እንቅልፍ ነሥቷል። ፍርሃትዎን አልንቅም። የምቃወመው ግን ከውጭ የሚመጣን ሰው እየፈሩ፣ አደጋውን ከልጅዎ መኝታ ሥር ማስቀመጥዎን ነው።

የሚቀርቡትን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ልጄ የት እንዳስቀመጥኩት አያውቅም»

ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ አላባማ ግዛት ገጠር የወጣ ጥናት ወላጆችንና ልጆችን ለየብቻ ጠይቆ ነበር። «ልጄ ቦታውን አያውቅም» ካሉት ወላጆች መካከል የ39 በመቶዎቹ ልጆች «እናውቀዋለን» ብለዋል። «ነክቶት አያውቅም» ካሉት ደግሞ የ22 በመቶዎቹ ልጆች «ነክተናል» ብለዋል። የእኛን ቤት ያስቡት። ልጅ ከረሜላ ፍለጋ ቁምሳጥን ይበረብራል፣ ቆጥ ላይ ይወጣል፣ ድብብቆሽ ሲጫወት አልጋ ሥር ይገባል። እርስዎ የደበቁበት ቦታ ሁሉ እሱ የሚጫወትበት ነው።

«አስተምሬዋለሁ፣ አይነካም»

በአትላንታ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሌላ ጥናት አለ። ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው ወንዶች ልጆች በሁለትና በሦስት ተከፍለው፣ መሳቢያ ውስጥ ያልጎረሰ ሽጉጥ የተደበቀበት ክፍል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ እንዲቆዩ ተደረገ። ከ29 ቡድኖች 21ዱ ሽጉጡን አገኙት። 16ቱ አነሡት። በ10 ቡድኖች ቃታው ተሳበ። ከነኩት ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ ቀደም ብለው ምክር የተሰጣቸው ነበሩ። ይምከሩት፣ ምክር ጥሩ ነው። ነገር ግን የልጅ እጅ ከምክር ይቀድማል። የሚያስቆመው ቁልፍ ብቻ ነው።

«ሌባ ቢመጣ መቼ ከፍቼ እደርሳለሁ?»

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ነው። ቁልፉን እርስዎ ይያዙት፣ አንገትዎ ወይም ወገብዎ ላይ ይሁን። የለመደ እጅ ጓጉንቸር ለመክፈት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ሂሳቡን ደግሞ ራስዎ ያስሉት። ሌባው አንድ ሌሊት ይመጣ ይሆናል፣ ዕድሜ ልክም ላይመጣ ይችላል። ልጅዎ ግን በየቀኑ፣ እርስዎ ሱቅ ወይም እርሻ በሚውሉበት ሰዓት ሁሉ እዚያው ቤት ነው።

«ባዶ ነው፣ ጥይት የለውም»

ካዝናው ወጥቶም አንዲት ጥይት በርሜሉ ውስጥ ልትቀር ትችላለች። «ባዶ ነው» ተብሎ በስንቱ ላይ እንደተተኮሰ የድንገተኛ ክፍል ባልደረቦቼ ያውቃሉ። ያልጎረሰ ነው ብለው ቢያምኑም እንደጎረሰ ይቁጠሩት። አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር።

ታዲያ ምን ይግዙ?

1. የብረት ሣጥን። ወልቂጤም ቡታጅራም በያጅ አይጠፋም፤ የመስኮት ብረት የሚሠራልዎ ሰው ይህንንም ይሠራዋል። ሣጥኑ ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር ይታሰር፤ ተሸክመውት የሚሄዱት ሣጥን ሌባን አያግድም። ማጠፊያው ከውጭ በኩል በመፍቻ የሚፈታ አይሁን።

2. ለጥይቱ ሌላ ትንሽ ሣጥን፣ ሌላ ቁልፍ። ጠመንጃውና ጥይቱ አብረው አይደሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ ጥናት አራት ልማዶችን ለየብቻ መርምሮ ነበር፦ ጠመንጃውን መቆለፍ፣ ሳያጎርሱ ማስቀመጥ፣ ጥይቱን መቆለፍና ጥይቱን ለብቻ ማስቀመጥ። እያንዳንዳቸው በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚደርስ የጥይት ጉዳት ጋር ሲነጻጸሩ አደጋው አንሶ ተገኝቷል። አራቱንም የሚያደርግ ቤት የበለጠ የተጠበቀ ነው።

3. ቁልፉ የሚቀመጥበት ቦታ። ቁልፉን ሣጥኑ አናት ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ገንዘቡን አባክኗል። ትርፉን ቁልፍ ልጅ ለማይደርስበት አንድ አዋቂ ብቻ ይስጡ።

4. ጥይት መቁጠር። ስንት እንዳለዎት ይወቁ። የማይቆጠር ጥይት ሲጎድል አይታወቅም።

ዝናሩን ከዚህ በኋላ ይግዙ። ማንም አይከለክልዎትም።

ጥይት መፍቻና መሙያ የሚጠይቁኝስ?

በአሜሪካ ጥይትን ቤት ውስጥ መሙላት የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ቪዲዮው እኛም ስልክ ላይ ይደርሳል። «የቱ ማሽን ይሻላል? የቱ ማቅለጫ?» የሚል ጥያቄም አብሮ ይመጣል። እኔ የማማርጥልዎት ማሽን የለኝም። ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ሕጉ አይፈቅድም። ከሕጉ በፊት ግን ጤናው አለ።

ጥይት ውስጥ እርሳስ አለ። ከቀለሁ ግርጌ ያለችው መለኮሻም ብዙ ጊዜ የእርሳስ ውህድ አለባት። እርሳስ ሲቀልጥ ጭሱ ይተነፈሳል። ሲፋቅና ቀለሁ ሲጸዳ ብናኙ እጅ፣ ልብስና ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። አባት በዚያ ልብስ ልጁን ያቅፋል። ልጁ ወለሉን ነክቶ ጣቱን ይጠባል። ልጆች ከሚውጡት እርሳስ ወደ ደማቸው የሚገባው መጠን ከአዋቂዎች ከ4 እስከ 5 እጥፍ እንደሚበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። የብረት ማዕድን ወይም ካልሲየም ያነሰው ልጅ ደግሞ የበለጠ ይጎዳል።

ድርጅቱ አያይዞ የሚለውን ልብ ይበሉ፦ ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም። በዴሲ ሊትር ደም 5 ማይክሮ ግራም ሲደርስ ምንጩ ተፈልጎ እንዲቆም ይመክራል። ልጁ ላይ የሚታየው ምን ይመስላል? ትምህርት አልገባው ማለት፣ መነጫነጭ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ ደም ማነስ። አስተማሪው «ሰነፍ ነው» ይለዋል፣ እናት ለትል መድኃኒት ትሰጠዋለች። አእምሮ ላይ የደረሰው ጉዳት ደግሞ ተመልሶ አይጠገንም። ነፍሰ ጡር እናት ሰውነት ውስጥ የገባው እርሳስ ወደ ጽንሱ ያልፋል። አባትንም አይምረውም፤ የደም ግፊት ያስነሣል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ምርመራው በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

አሮጌ የመኪና ባትሪ በግቢ ፈትቶ እርሳስ ማቅለጥም ያው ነው።

ባዶ ቀለህ ለልጅ መጫወቻ አይስጡ፤ ፉጨት ሊያወጣበት አፉ ውስጥ ይከተዋል። የከሸፈ ጥይት በመዶሻ አይምቱ፣ ምስማር አያስነኩ። ቆሻሻ ሲያቃጥሉም ይጠንቀቁ፦ እሳት ውስጥ የገባ ጥይት ይፈነዳል፣ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል። የማይፈልጉት ጥይት ካለ አይጣሉት፣ አይቅበሩት፣ ለፖሊስ ያስረክቡ።

ቁልፉ ለአዋቂም ነው

ይህን ስናገር ብዙዎች ፊታቸውን ያዞራሉ። ቡታጅራ በአእምሮ ጤና ጥናት በዓለም የታወቀ ስም አላት። እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለዓመታት ተከታትለው ተጠንተዋል። ስለዚህ «እኛ አገር ድብርት የለም» አይበሉኝ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ብዙ ጊዜ እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ይበርዳል። በዚያች ሰዓት እጅ የሚደርስበት ነገር ሕይወትና ሞትን ይለያል። በጠመንጃ ከሞከሩት ከ10 ሰዎች ወደ 9 የሚጠጉት አይተርፉም።

የእስራኤል ጦር እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣት ወታደሮች ለሳምንት መጨረሻ ዕረፍት ወደ ቤት ሲሄዱ ጠመንጃቸውን ሰፈር ትተው እንዲሄዱ አደረገ። ከዚያ በኋላ ከ18 እስከ 21 ዓመት ባሉት ወታደሮች ራስን ማጥፋት በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በቤትዎ ያዘነ፣ የከሰረ፣ የሚጠጣ ወይም ተስፋ የቆረጠ ሰው ካለ ቁልፉ ከእሱ ይራቅ። ያ ሰው እርስዎ ከሆኑ ቁልፉን ለሚያምኑት ዘመድ ይስጡና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ይህ ውርደት አይደለም።

መስቀል ሲመጣ

ለመስቀል ጉራጌ ከአዲስ አበባም ከሌላውም ከተማ ወደ አገሩ ይገባል። የአያት ቤት በልጅ ልጆች ይሞላል። ሲሻቸው ጀፎረ ላይ ይሯሯጣሉ፣ ሲሻቸው ቤቱን ይበረብራሉ። የከተማ ልጅ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ሲያይ የሚታየው ፊልም ነው። ስለዚህ እናቶች፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፦ «አባባ፣ መሣሪያው ተቆልፏል?» ይህ ድፍረት አይደለም። ስለ ውሻው «ታስሯል ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ የለ? አያትም ይህን በመጠየቃችሁ አይቆጡ፤ የልጅ ልጃቸው ነው።

በደስታም በለቅሶም ወደ ሰማይ መተኮስ ይቅር። የወጣው ጥይት ይወርዳል። የአንድ የጠመንጃ ተኩስ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፤ አንዱ ብቻ የሕፃን ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።

አደጋው ከደረሰ

• መሣሪያውን በአካባቢው ካሉ ልጆች ያርቁ።
• የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑ። «ቆመ ወይ?» እያሉ አያንሡት፤ ጨርቁ ከራሰ ሌላ ይደርቡበት።
• ቡና፣ አፈር ወይም ቅቤ አይድፉበት።
• ጥይቱን ለማውጣት አይሞክሩ።
• ምግብም ውሃም አይስጡ፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።
• በብርድ ልብስ ይሸፍኑት፣ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ያድርሱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ያስታውሱ፦ ከወልቂጤ አዲስ አበባ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጭንቅላቱን ወይም ትልቁን የደም ሥር የተመታ ልጅ ሪፈር ከተባለ የሚጓዘው ይህን መንገድ ነው። የሚደማ ልጅ ይዞ ይህን መንገድ ከመሄድ፣ ዛሬ በእግር ሄዶ በያጁን ማነጋገር ይቀላል።

ዛሬ ማታ ሦስት ነገር ያድርጉ። ጥይቱን ከጠመንጃው ይለዩ። ሁለቱንም ይቆልፉ። ቁልፉን እላይዎ ላይ ያድርጉ። ይህን ያደረገ አባት ወንድነቱ አይቀንስም። ቤቱን ጠበቀ የሚባለው እሱ ነው።

ለሚያውቁት፣ በተለይ ጠመንጃ ላለው ሰው ሼር ያድርጉለት። ጥያቄ ካለዎት ከሥር ይጻፉልኝ።

ጤናዎ ይብዛ።