«ልጃችን ነው» ብቻውን ለምን ድምፅ ያስገኛል?

በአሜሪካ ምርጫ በቀረበ ቁጥር፣ በሐበሻ ሬስቶራንት አዳራሽ ውስጥ በሚደረግ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ አንድ ንግግር ይደጋገማል፤ «ልጃችን ነው»። ዕጩው የት ነው የሚኖረው? የሚዋጣለትን ገንዘብ ምን ላይ ያውለዋል? ቢመረጥ የትኛውን ሕግ ይደግፋል? እነዚህን የጠየቀ ሰው ምቀኛ ይባላል፤ ሲብስም ዘሩና የፖለቲካ ወገኑ ይጠናል። መጠናት ያለበት ዕጩው ሆኖ ሳለ ጠያቂው ይመረመራል። ይህ ነውር ነው።

ላስ ቬጋስ ምስክር ናት። አሌክሳንደር አሰፋ በስደት አሜሪካ ገብተው በ2018 በዴሞክራቲክ ፓርቲ ስም የኔቫዳ ምክር ቤት የወረዳ 42 ተመራጭ ሲሆኑ፣ በዚያ ስቴት ለዚህ ወንበር የበቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነበሩ። ደስታው ተገቢ ነበር። በ2020 በድጋሚ ተመረጡ። በጥር 2021 ግን፣ የ120 ቀኑ የምክር ቤት ጉባኤ ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት፣ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ፖሊስ ሁለት ነገር እየመረመረ ነበር፤ በርግጥ በወረዳው ውስጥ ይኖሩ እንደነበርና የምርጫ ዘመቻቸውን ገንዘብ እንዴት እንደተጠቀሙበት።

ሁለቱም ጥያቄዎች አዳራሽ ውስጥ ሊነሱ ይገባቸው የነበሩ ናቸው። ኔቫዳ ከዕጩ የምትጠይቀው ብዙ አይደለም፤ 21 ዓመት የሞላው፣ በስቴቱ ቢያንስ አንድ ዓመት የኖረ፣ የሚወዳደርበት ወረዳ ነዋሪ የሆነ። የዘመቻው ገቢና ወጪ ደግሞ ለስቴቱ ዋና ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት በየጊዜው ይቀርባል፤ ማንም ከፍቶ ማንበብ ይችላል። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ ያገኘውን ለዘመቻ የሚያዋጣ ሰው ያንን ሰነድ የማየት መብት አለው። «ዝም በል፣ ልጃችን ነው» የሚሉት ሰዎች የሚነፍጉት ይህን መብት ነው።

ቁጥራችን ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ አንድ ሰው እናስገባ፣ ጥያቄው ይደርሳል ይላሉ። ላስ ቬጋስ ላይ ጥያቄው የደረሰው በፖሊስ በኩል ነው። የወረዳው ሕዝብ በድምፁ የሞላው ወንበርም በክላርክ ካውንቲ ኮሚሽነሮች ሹመት ለትሬሲ ብራውን-ሜይ ተሰጠ። ቁጥሩ ትንሽ የሆነ ማኅበረሰብ ያለው አንድ ወንበር ነው፤ ስለዚህ ከማንም በላይ አጥብቆ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

ደግሞስ መመርመርን የሚፈራ ምን ዓይነት ዕጩ ነው? ከ2020ው ምርጫ ጀምሮ በኒው ዮርክ ሴኔት የሮቸስተር አካባቢን የሚወክሉትን ሳምራ ብሩክን ይመልከቱ። አባታቸው ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው፤ የሚመዘኑት ግን በሥራቸው ነው። በዚያችው ከተማ በ2020 ዳንኤል ፕሩድ የተባለ፣ በአእምሮ ጤና ቀውስ ላይ የነበረ ሰው ፖሊሶች ከያዙት በኋላ ሞተ። ብሩክ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀውስ ከፖሊስ ይልቅ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች እንዲደርሱ የሚጠይቀውንና በሟቹ ስም የተጠራውን ረቂቅ ሕግ ይዘው ሲሟገቱ ቆይተዋል። የሚቃወማቸውም የሚደግፋቸውም በዚህ ሊሞግታቸው ይችላል። የአባታቸው አገር የክርክሩ መልስ ሆኖ አልቀረበም።

የማኅበረሰብ ማኅበራትና የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ ሽማግሌዎች ዕጩን መድረክ ላይ ከማውጣታቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ የሚኖርበትን ወረዳ፣ የዘመቻውን የገንዘብ ሪፖርት፣ ቀድሞ በሕዝብ ሥራ ላይ ከነበረም የድምፅ አሰጣጡን። መልስ ያልሰጠ ዕጩ የኢትዮጵያ ስም ቢኖረውም ገንዘብ አይዋጣለት።