ለጥልቅ ቸርኬ የሚበቃ ቫልቭ

ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ በተወዳደሩበት ዘመን የእሽቅድምድም ብስክሌት ቸርኬ ጥልቀቱ ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን ነፋስን በቀላሉ እንዲሰነጥቅ ተብሎ 50 ወይም 60 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ቸርኬ ይሠራል። ከዚህም የተነሣ አንዲት ትንሽ ነገር ብዙ ሰው ታስቸግራለች፤ ይህችውም የከመነዳሪ ቫልቭ ርዝመት ናት።

ከመነዳሪ የምንለው በጎማው ውስጥ ሆኖ አየር የሚይዘውን ላስቲክ ነው። ቫልቩ በቸርኬው ቀዳዳ አልፎ በቂ ሆኖ ካልወጣ ፓምፑ የሚጨብጠው አያገኝም፤ አየርም አይገባም። እንግዲህ ባለ ብስክሌቱ አዲስ ከመነዳሪ በኪሱ እያለ መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል ማለት ነው።

አመራረጡ ግን ከባድ አይደለም። በቸርኬው ጥልቀት ላይ ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር መጨመር ነው። ስለዚህ ለ30 ሚሊሜትር ቸርኬ 48 ሚሊሜትር ቫልቭ፣ ለ40 ደግሞ 60፣ ለ50 ወይም ለ60 ጥልቀት 80 ሚሊሜትር ይስማማል። ለመለካትም በየቦርሳችን ያለው ማስመሪያ ይበቃል። ዳሩ ግን ቀዳዳው ለቀጭኑ ለፕሬስታ ቫልቭ የተሠራ ከሆነ እንደ መኪና ጎማ ያለው ወፍራም ቫልቭ እንደማያልፍበት፣ የከመነዳሪውም ስፋት ከጎማው ጋር መስማማት እንዳለበት መዘንጋት አይገባም።

ዋናው አሳቤ ይህ ነው። ጓደኞች ተሰብስበው ረጅም መንገድ ሲወጡ የሚይዙት የጋራ መለዋወጫ ከመካከላቸው እጅግ ጥልቅ ቸርኬ ላለው የሚበቃ መሆን አለበት። አንዳንዶች «ጥልቅ ቸርኬ የመረጠ የራሱን ይሸከም» ይላሉ። የራሱን መያዙ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያው አንዱ ሁለት ጊዜ ቢበሳበት ሁሉም አብረው መቆማቸው አይቀርም። ረጅሙ ቫልቭ በአጭሩ ቸርኬ ላይ ትርፉ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ሥራውን ይሠራል፤ አጭሩ ግን በጥልቁ ቸርኬ ላይ ያለ ማስረዘሚያ ከቶ አያገለግልም።

እርግጥ ነው፤ ብዙ የወጣ ቫልቭ ሲነፋ በጥንቃቄ ካልተያዘ ሊጣመም ይችላል። ማስረዘሚያም መፍትሔ ነው፤ ሆኖም በደንብ ካልጠበቀ አየር ስለሚያሳልፍ አስቀድሞ በቤት መሞከር አለበት።

ውድ ጓደኞቼ፣ የተከበራችሁ ወላጆችም፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የቸርኬው ጥልቀት ስንት እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ቁጥሩንም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው ሁሉ፣ ከመግዛትም መለካት ይቅደም።