ሳይኮሎጂ ደረሰህ፤ ጆሮስ?

አክስቴ የምትኖረው ሙጃ ነው፤ ግዳን ወረዳ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅበት ደጋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ከገባ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። ለማንም አትናገርም። «የሁሉም ቤት አንድ ነው፤ ማን ለማን ያወራል?» ትላለች።

አንድ ቀን ለተግባር ልምምድ የወጡ ሁለት የሳይኮሎጂ ተማሪዎች አነጋገሯት። ልጁ ንግግሯን ሳትጨርስ ምክር ጀመረ፤ ቀና ማሰብ፣ በረጅሙ መተንፈስ፣ መሀል መሀል ላይ እንግሊዝኛ። ልጅቷ ግን ቡናዋን እየጠጣች አዳመጠች። አክስቴ ዝም ስትል እሷም ዝም አለች። ቆይታ «ከዚያስ፣ እትዬ?» አለቻት። አክስቴ የዚያን ሌሊት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችው ያኔ ነው። በልጁ ላይ የሰጠችው ፍርድ አጭር ነበር፦ «ተምሯል፤ ጆሮ ግን የለውም።»

ሁለቱም የተማሩት አንድ ኮርስ ነው። የለያቸው ጠባይ ነው። የእኛ ምደባ ደግሞ ጠባይ አይጠይቅም፤ ውጤት አይቶ ይመድባል። አነጋገራችን ራሱ ያጋልጠናል፦ «ሳይኮሎጂ ደረሰኝ» እንላለን፣ ልክ እንደ ዕጣ።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነውና በገበያ ላስረዳ። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ጽፎ ነበር፦ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው ካላወቀ፣ ጥሩውና መጥፎው በአንድ ዋጋ ይቀርባል፤ ጥሩው ቀስ በቀስ ከገበያ ይወጣል። መኪናስ መካኒክ ያየዋል። አክስቴ ግን የባለሙያውን ጥራት የምታውቀው ልቧን ከከፈተች በኋላ ነው። እዚያ ላይ የተጎዳ ሰው ሁለተኛ አይመለስም፤ «ሳይኮሎጂስት ምን ይጠቅማል» ብሎ ለጎረቤቱም ይነግራል።

«ጠባይ በምን ይለካል? ቃለ መጠይቅ ከተባለ ዝምድና ይገባል» ትሉኝ ይሆናል። ስጋቱ ልክ ነው። ግን ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ቲሞቲ አንደርሰንና ባልደረቦቹ ያሳተሙትን ጥናት እዩት። 25 ቴራፒስቶች፣ ከ1,100 በላይ ደንበኞች። ቴራፒስቶቹ አስቸጋሪ ደንበኛ የሚታይባቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች አይተው መልስ ሰጡ፤ መልሳቸው ተቀርጾ በሌሎች ተገመገመ። ቴራፒስቶቹ ስለ ማኅበራዊ ችሎታቸው ራሳቸው የሞሉት መጠይቅ የደንበኞቻቸውን መሻሻል አልተነበየም። ለቪዲዮው የሰጡት መልስ ግን ተነበየ። በአጭሩ፣ «እኔ ጥሩ አድማጭ ነኝ» ማለት ምንም አይነግረንም፤ ሰው ፊት ለፊት ሲቆጣ ወይም ሲያለቅስ የምንመልሰው ነው የሚነግረን።

ይህን እኛ አገር ለመሥራት ስልክ ይበቃል። ተማሪው ለልምምድ ከመውጣቱ በፊት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የተዘጋጀ ቪዲዮ ይመልከት፤ መልሱን በድምፅ ይቅዳ። ገምጋሚው የሌላ ዩኒቨርሲቲ መምህር ይሁን፤ ስም ሳይሆን ቁጥር ብቻ ይድረሰው። ያኔ ዝምድናም ይጠብባል።

ይህን የምለው ማንንም ለማባረር አይደለም። ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሕክምናው መሠረት ናቸው ብሎ የዘረዘራቸው፣ የሰውን ስሜት መረዳት፣ ሳይፈርዱ መቀበል፣ አለማስመሰል፣ በልምምድ ይዳብራሉ። መቋረጥን መተው ይለመዳል። ከብዙ ልምምድ በኋላም ካልሆነለት፣ ሳይኮሎጂ ሰፊ ነው፤ ምርምር አለ፣ የትምህርት ሳይኮሎጂ አለ፣ የሥራ ቦታ ሳይኮሎጂ አለ።

እናንተም ቲክቶክ ላይ «ሳይኮሎጂስት ነኝ» የሚላችሁን ሰው በተከታዩ ብዛት አትመዝኑት። ስታወሩት ያስጨርሳችኋል? ሳያውቅ ሲቀር «አላውቅም» ይላል? ሚስጥራችሁን የነገ ቪዲዮ አያደርገውም?

ስደውልላት አክስቴ አሁንም አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፦ «ያቺ ልጅ ትመጣ ይሆን?» ስለ ልጁ ጠይቃኝ አታውቅም።