ንጹሕ ውኃ በሪፖርት ሳይሆን በቦኖው!

የስምጥ ሸለቆ ሕዝባችን የሚጠጣው የጉድጓድ ውኃ በብዙ ሥፍራ ኩልል ያለ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ሆኖም ከእሳተ ገሞራ ዐለት ጋር ተገናኝቶ በምድር ውስጥ ሙቀት የቆየ በመሆኑ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ።

ጉዳቱን ለማየት ሐኪም መሆን አያሻም። ጥርሳቸው ገና በመሠራት ላይ ያለ ሕፃናት ይህን ውኃ እየጠጡ ሲያድጉ ጥርሳቸው ይበልዛል። ለረጅም ዓመታት የጠጡት ደግሞ አከርካሪያቸውና መገጣጠሚያቸው እየደረቀ ጎብጠው እስከ መቅረት ይደርሳሉ። በወንጂ ሸዋ ስኳር ልማት ዕድሜያቸውን በሠሩ ወገኖቻችን ላይ ይህ መድረሱ በሕክምና ጥናት ተመዝግቧል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚህም ይሠራል። የጎበጠውን በመድኃኒት ማቅናት አይቻልም፤ የሚቻለው ለልጆቹ የሚደርሰውን ውኃ አስቀድሞ ማስተካከል ነው።

ታዲያ ችግሩ ይህን ያህል ከታወቀ ለምን አልተፈታም? በእኛ እምነት ዋነኛው ምክንያት መንግሥት ሥራውን የሚለካበት መስፈሪያ ነው። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚል ነበር። ሊትርና ኪሎ ሜትር ለሪፖርት ይመቻሉ። በውኃው ውስጥ የሟሟው ነገር ግን በዓይን አይታይም፤ ካልተለካም ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ቦኖ ተተክሎ ሪባን ከተቆረጠ መንደሩ «ሽፋን» ውስጥ ይቆጠራል፤ ልጆቹ ግን ጥርሳቸው መበለዙን ይቀጥላል።

የተለመደው የውኃ ማጣሪያ ጣቢያም ለዚህ ችግር አልተሠራም። አሸዋው ደለሉን ያስቀራል፣ ክሎሪኑ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ሁለቱም ፍሎራይድን አያስወግዱም። ውኃ ማፍላትም አይረዳም፤ ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ይበልጥ ይጠነክራል። ፍሎራይድን የሚቀንሱ ዘዴዎች ግን በአገራችን ተሞክረዋል። በርከት ያለ አልሙኒየም ሰልፌት ከኖራ ጋር መጨመር፣ ከከብት አጥንት በተሠራ ከሰል ማሳለፍ፣ በአሉሚና ማጣራት ይገኙባቸዋል። በወንጂ የፍሎራይድ ማጣሪያ ከተተከለ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል።

እንግዲህ የጎደለው ዕውቀት አይደለም። የጎደለው ከምርቃት ማግስት የሚመጣው ሥራ ነው። ኬሚካል በየቀኑ ይጨመራል፤ የአጥንት ከሰሉና አሉሚናው ሲጠግቡ ይታደሳሉ ወይም ይለወጣሉ፤ ዝቃጩ በጥንቃቄ ይወገዳል። የጠገበ ማጣሪያ ደግሞ ምልክት አይሰጥም። ውኃው እንደ ትናንቱ ኩልል ብሎ ይወርዳል፤ ፍሎራይዱ ግን ተመልሷል። ስለዚህ የማይለካ ማጣሪያ ከሌለ ማጣሪያ አይሻልም፤ ሕዝቡን ያዘናጋልና።

የከረዩን ወገኖቻችንን ሁኔታ እንመልከት። በፈንታሌ አካባቢ ከብት እያረባ የኖረው ይህ ሕዝብ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የአዋሽ ዳር ግጦሹን ለስኳር ልማትና ለብሔራዊ ፓርክ አጥቷል። ከ60 ዓመታት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው፣ ጨውና ፍሎራይድ የበዛበት የበሰቃ ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተጨማሪ ግጦሽ ውጧል። ለመስፋፋቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የመስኖ እርሻው ፍሳሽ ነው። ለልማት መሬቱን የሰጠ ሕዝብ ከልማቱ ቢያንስ የሚጠጣ ውኃ ሊያገኝ አይገባውም? የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት በአዋሽ ልጅም መድረስ አልነበረበትም።

ሕጉ የለም እንዳይባል፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ንጹሕ ውኃ ለሁሉም እንዲዳረስ ይደነግጋል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ለቤት ውስጥ ፍጆታ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ ይሰጣል። ስለሆነም ሕዝቡ ከመረጠን የሚከተሉትን እንፈጽማለን።

አንደኛ፣ በስምጥ ሸለቆ ያለ ማንኛውም የመጠጥ ውኃ ተቋም ፍሎራይዱ በየጊዜው ተለክቶ ውጤቱ በቦኖው ላይ ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ ይለጠፋል። ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ የሆነ ውኃ በ«ንጹሕ» ስም አይቆጠርም።

ሁለተኛ፣ ፍሎራይድ ያልበዛበት ምንጭ ወይም ወንዝ በቧንቧ መድረስ በሚችልበት ሁሉ ይህ ይቀድማል። በማይቻልበት ሥፍራ ነባሮቹ ጣቢያዎች ፍሎራይድን የሚያስወግድ ክፍል ተጨምሮላቸው ይሻሻላሉ።

ሦስተኛ፣ የሥራ ማስኬጃና የኬሚካል በጀት ሳይያዝለት አንድም ጣቢያ አይመረቅም። ባለሙያዎቹም ከዚያው ከአካባቢው ወጣቶች ተመልምለው ይሠለጥናሉ።

አራተኛ፣ ነዋሪው በመረጠው የውኃ ኮሚቴ ሴቶች ወሳኝ ድምፅ ይኖራቸዋል፤ ጄሪካኑን የሚሸከሙት እነርሱ ናቸውና።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ነፃ ውኃ እንሰጣለን ብለን አናታልልም። ተጠቃሚው ተመጣጣኝ ታሪፍ ይከፍላል፤ ፍሎራይድን የማስወገዱ ተጨማሪ ወጪ ግን በመንግሥት በጀት ይሸፈናል። የተወለደበት ዐለት የድሃውን ክፍያ ሊያንር አይገባምና።

ውድ መራጮች፤ ድምፃችሁን ለመጠየቅ የሚመጣውን ዕጩ ሁሉ፣ የእኛንም ጭምር፣ ስንት ቦኖ አስተከልህ ብላችሁ ብቻ አትለፉት። በውኃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ስንት ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የተለካውስ መቼ ነው? ብላችሁ ጠይቁት። መልስ የሌለው ዕጩ ካርዳችሁ አይገባውም።