የፍላሚኒያ መንገድ ትምህርት፦ ሴት የክልል መሪ በአጋጣሚ አትገኝም

ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ከሮም በስተሰሜን፣ በጥንታዊው የፍላሚኒያ መንገድ ላይ የምትገኝ የላዚዮ ክልል ከተማ ናት። ይኸው መንገድ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ ኡምብሪያ ክልል ይገባል። አብዛኞቹ የጣሊያን የክልል ፕሬዚዳንቶች፣ በሕዝብ አፍ «ገዥዎች»፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣሉ። ከዚያ ወዲህ ላዚዮን ሴት የመራችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሬናታ ፖልቬሪኒ ዘመን (2010–2013) ነው። ኡምብሪያ ግን በስድስቱም ምርጫዎች ሴት መርጧል፦ ማሪያ ሪታ ሎሬንዜቲን ሁለት ጊዜ፣ ካቲዩሻ ማሪኒን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም ዶናቴላ ቴዜይንና ስቴፋኒያ ፕሮየቲን።

ሥልጣኑ የክብር ወንበር ብቻ አይደለም። በካስቴልኑቮ የነበረው የጥገኝነት ጠያቂዎች መቀበያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ሲዘጋ ውሳኔው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር። የሐኪም ቤት አገልግሎት ግን በክልሉ እጅ ነው። ለነፍሰ ጡሯም ሆነ ለአረጋዊቷ ነዋሪ ቅርብ የሆነው ውሳኔ የገዥው ነው።

በሩ የሚከፈተው በዕጩነት ነው

ልዩነቱ ከመራጩ አመለካከት ብቻ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በላዚዮ ዋናዎቹ ተፎካካሪዎች ፖልቬሪኒና ኤማ ቦኒኖ ነበሩ፤ በ2024 በኡምብሪያ ደግሞ ቴዜይና ፕሮየቲ። ሁለቱም ታላላቅ ጎራዎች ሴት ሲያቀርቡ ወንበሩ የሴት መሆኑ ከድምፅ መስጫው ዕለት በፊት ተወስኗል ማለት ይቻላል።

የጣሊያን ሕግ እዚህ ላይ ክፍተት አለበት። የ2016ቱ ሕግ በክልል ምክር ቤት የዕጩዎች ዝርዝር የአንድ ጾታ ድርሻ ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የፕሬዚዳንቱ ዕጩ ግን አንድ ሰው ነውና ድንጋጌው አይነካውም፤ ምርጫው ለፓርቲ መሪዎች ይቀራል።

ፖልቬሪኒ በምክር ቤት ቡድኖች የገንዘብ አጠቃቀም ላይ በተነሳው ቅሌት ሳቢያ በ2012 ሥልጣን መልቀቃቸውን እንደ ማስረጃ የሚጠቅሱ ይኖራሉ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ፒዬሮ ማራዞም በ2009 በሌላ ቅሌት ለቀዋል፤ በዚህ ምክንያት ወንድ ለገዥነት አይበቃም ያለ ግን የለም። የወንዱ ጥፋት የግሉ፣ የሴቷ ጥፋት የሴቶች ሁሉ ሆኖ ሊቆጠር አይገባም።

የኢትዮጵያ ሚዛን

በኢትዮጵያ መንገዱ ይለያል፤ መሰናክሉ ግን አንድ ነው። ርዕሰ መስተዳድርን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ቢሆንም ዕጩው የሚመጣው ከአሸናፊው ፓርቲ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች የቆየው አድልዎ በልዩ ድጋፍ እንዲካካስላቸው መብት ሰጥቷል። አዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. ወ/ሮ አዳነች አቤቤን ከንቲባ፣ ጋምቤላ በ2016 ዓ.ም. ወ/ሮ ዓለሚቱ ኡሞድን ርዕሰ መስተዳድር አድርገዋል። በአማራ ክልል ግን ከአቶ አዲሱ ለገሠ እስከ አቶ አረጋ ከበደ ወንበሩ ከወንድ ወደ ወንድ ሲተላለፍ ኖሯል።

ስለዚህ ፓርቲዎች ሦስት ግዴታ ሊገቡ ይገባል፦

1. ለክልል መሪነት በሚያጩበት የመጨረሻ ዝርዝር ቢያንስ አንዲት ሴት ማካተት፤
2. የዕጩ አመራረጥ መስፈርታቸውን ለሕዝብ ይፋ ማድረግ፤
3. ሴቶችን በጀትና ጸጥታን በመሳሰሉ ወደ መሪነት በሚያደርሱ ዘርፎች መመደብ።

መራጩ ያልቀረበለትን ሊመርጥ አይችልም። ጥያቄውም መቅረብ ያለበት ከምርጫው ዕለት አስቀድሞ፣ ዕጩዎች በሚለዩበት ጊዜ ነው።