ስለ አፍዮን መድኃኒቶች ጉዳትና ለገጠር ሕዝብ ስለሚሰጥ የምክር ገንዘብ

ገንዘብ ያለ ምክር ይባክናል፤ ምክርም ያለ ገንዘብ ከቃል አያልፍም። ሁለቱ ተባብረው ካልሠሩ በቀር ሕዝብን ከጥፋት ማዳን እንደማይቻል፣ በአሜሪካ ገጠሮች የደረሰው የአፍዮን መድኃኒቶች መከራ ታላቅ ማስረጃ ነው።

አፍዮን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የሕመም ማስታገሻ ነው። የቈሰለውን ከሥቃይ ያሳርፋል፤ የለመደውን ግን ባሪያ ያደርገዋል። ከርሱ ወገን የሆነው ኦክሲኮንቲን የተባለው ክኒን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. ለገበያ በወጣ ጊዜ፣ ሠሪው ፐርዱ ፋርማ የማስለመዱ አደጋ ከሌሎቹ ያነሰ ነው እያለ ለሐኪሞች አስነገረ። ከዚህ ነገር የተነሣ በ2007 ዓ.ም. ከርሱ ጋራ የተያያዘው ኩባንያና ሦስት አለቆች በፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አምነው ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተቀጡ። ነገር ግን ቅጣቱ የመጣው ክኒኑ በየቤቱ ከገባ በኋላ ነበር። በዌስት ቨርጂኒያ ከርሚት በምትባል 400 ያህል ነዋሪ ባላት መንደር፣ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ 9 ሚሊዮን ያህል የሕመም ማስታገሻ ክኒን መግባቱ ተገልጿል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በማዕድን ጕድጓድና በእርሻ ሥራ ወገቡ የተጐዳው ሠራተኛ ሕመሙን አስታግሣለሁ ሲል ሕይወቱን አጣ።

መከራው በገጠር የከበደበት ምክንያት ግልጥ ነው። ሐኪሙ ሩቅ ነው፤ መጓጓዣው ጥቂት ነው፤ ሰው ሁሉ ስለሚተዋወቅ በሽተኛው ኀፍረት ይዞት ይደበቃል። ቡፕሬኖርፊን የተባለውን ከሱስ የሚያላቅቅ መድኃኒት ለማዘዝ እስከ 2022 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ልዩ ፈቃድ ያስፈልግ ስለ ነበረ፣ በብዙ የገጠር አውራጃዎች ይህ ፈቃድ ያለው አንድ ሐኪም እንኳ አልተገኘም። በ2017 ዓ.ም. ብቻ ከ47,000 የሚበልጡ አሜሪካውያን በአፍዮን ወገን መድኃኒቶች ሞቱ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መንግሥቱ ነገሩን የሕዝብ ጤና አደጋ ብሎ ዐወጀ።

በ2018 ዓ.ም. የአሜሪካ የጤና ሀብትና አገልግሎት አስተዳደር ለ95 የገጠር ድርጅቶች ለያንዳንዳቸው እስከ 200,000 ዶላር ድረስ ሰጠ። ይህ ገንዘብ ለአንድ ዓመት ምክር የተመደበ ነበር። ተቀባዮቹ ቢያንስ አራት ልዩ ልዩ ድርጅቶችን በአንድ ማኅበር አስተባብረው የአገራቸውን ችግር እንዲመረምሩ፣ ስለ መከላከል፣ ስለ ሕክምናና ስለ ሠራተኛ ዕቅድ እንዲያወጡ፣ ሥራውም እንዴት እንደሚዘልቅ እንዲወስኑ ታዘዘ።

ሰው እየሞተ በወረቀት ላይ ዓመት ማሳለፍ ምን ይጠቅማል የሚሉ አሉ። ነገራቸው በከፊል እውነት ነው። ትንፋሹ ለቆመው ሰው የሚሰጠው ናሎክሶን የማንንም ዕቅድ መጠበቅ የለበትም። ሌላው ሥራ ግን ካልተመከረበት ይፈርሳል። ከወህኒ የሚፈታ ሱሰኛ ሰውነቱ መድኃኒቱን መቻል ስለ ረሳ፣ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሞት አደጋው እጅግ ከፍ ይላል። የወህኒው ሹም ከሐኪሙ ጋራ ካልተነጋገረ ይህን ሰው ማን ይቀበለዋል? መድኃኒት ቀማሚውና ዳኛው፣ አስታማሚውና ካህኑ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት እውነት ይሆናል።

ዋናው የሚያሳስበው ነገር ዓመቱ ካለቀ በኋላ ያለው ነው። በኢንዲያና በስኮት አውራጃ በ2015 ዓ.ም. ሰዎች በአንድ መርፌ ስለ ተቀባበሉ ከ180 በላይ ነዋሪዎች በኤች አይ ቪ ተያዙ። ንጹሕ መርፌ መስጠትና ሕክምና ከተጀመረ በኋላ አዲሱ በሽታ ቀነሰ፤ በ2021 ዓ.ም. ግን የአውራጃው ሹማምንት የመርፌው አገልግሎት እንዲዘጋ ወሰኑ። እሳቱ ጋብ ሲል ውሃ የሚያቀርበውን ማሰናበት እንዲህ ነው። ሁለተኛም፣ ርዳታውን ለመጠየቅ የሚጻፈው ማመልከቻ ራሱ ዕውቀት ስለሚፈልግ፣ ጸሓፊ የሌለው ድኻ አውራጃ ከሁሉ ይበልጥ ተጐድቶ ሳለ ከሁሉ ያነሰ ያገኛል።

ስለዚህ ገንዘብ ሰጪው አስቀድሞ ለደካማው አውራጃ ማመልከቻ የሚያዘጋጅለት ሰው ሊልክለት ይገባል፤ መልካም ዕቅድ ላወጣም የሥራውን ገንዘብ ሳይቋረጥ ሊያስከትልለት ይገባል። ለዚህ የሚሆን ሀብት አለ። በ2022 ዓ.ም. ሦስት አከፋፋዮችና አንድ የመድኃኒት ሠሪ 26 ቢሊዮን ዶላር ያህል በብዙ ዓመታት ለመክፈል ተስማምተዋል። በ1998 ዓ.ም. ከትምባሆ ኩባንያዎች የተገኘው ካሣ አብዛኛው ለሌላ ጉዳይ እንደ ዋለ ይታወቃልና፣ ይህኛው በየገጠሩ ከተመከረው ዕቅድ ጋራ ሊታሰር ያስፈልጋል። በአሜሪካ በመድኃኒትና በዕፅ ብዛት የሚሞተው ሰው በ2023 ዓ.ም. ከ100,000 በላይ ነበረ፤ በ2024 ዓ.ም. ወደ 80,000 ያህል ወርዷል። ይህ ተስፋ ይሰጣል፤ ለመዘናጋት ግን ምክንያት አይሆንም።

በወንጌል የተነገረለት ደጉ ሳምራዊ ቍስለኛውን ወደ ማደሪያ ካደረሰው በኋላ ለባለቤቱ ገንዘብ ሰጥቶ፣ ተጨማሪ ወጪ ቢኖር ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። የምሕረቱ ፍጹምነት በዚህ ታወቀ። ሕዝብን እንዲያስተዳድር የተሾመና መንጋን እንዲጠብቅ የተቀባ ሁሉ፣ በማናቸውም አገር ቢሆን፣ የወደቀውን ከማንሣት ጋራ የመመለሱን ቃል አብሮ ሊጠብቅ ይገባዋል።