ከማሳው ዳር፦ ችግኝ ማፍላት ዲፕሎማ አይጠይቅም

ዛሬ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ እንሻገር። እዚያ ሴት ገበሬዎች የሠሩትን እናንብብ።

በኬንያ ደጋማ አገር ቡናና ሻይ ለመትከል ብዙ ደን ተመነጠረ። ዛፍ ሲጠፋ ዝናቡ አፈሩን አጠበው። ምንጮች ደረቁ። ማገዶ ራቀ። እናቶችም ቶሎ የሚበስለውን ብቻ ማብሰል ጀመሩ። ምን ያድርጉ? ልጆች ግን ከሱ። የዛፉ ጥፋት እስከ ድስቱ ደረሰ ማለት ነው።

ዶክተር ዋንጋሪ ማታይ የተባሉ ምሁር ይህን ችግር ከገጠር ሴቶች ሰሙ። ዛፍ መትከል ይሻላል ብለው ተነሡ። ግንቦት 28 ቀን 1969 ዓ.ም. በናይሮቢ ከተማ ሰባት ችግኞች ተተከሉ። አብዛኞቹ ደረቁ። ሥራው ግን አልቆመም። ስሙም «አረንጓዴ ቀበቶ» ተባለ።

መጀመሪያ ሴቶቹ ችግኝ የሚያገኙት ከመንግሥት የደን ሠራተኞች ነበር። ፈላጊው ሲበዛ ችግኙ አልበቃ አለ። ራሳችን እናፍላ ቢሉ፣ ይህማ የተማረ ሰው ሥራ ነው ተባሉ።

ሴቶቹ ግን ገበሬዎች ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲዘሩ ኖረዋል። የዛፍ ዘር ከሌላው ዘር በምን ይለያል? በአካባቢያቸው ካሉ ዛፎች ዘር ለቀሙ። በተሰበረ ገንቦ አፈር ሞልተው ዘሩ። ዶሮና ፍየል እንዳይደርስበት ከፍ ካለ ቦታ አስቀመጡት። ጣሳ በስተው ውኃ ማጠጫ አደረጉት። ጥቂት ሳንቲም የሚከፈላቸው ተተክሎ ለጸደቀ ችግኝ ብቻ ነበር። ስለዚህ ተክሎ መሄድ የለም፤ መንከባከብ ግድ ነው።

አንዱ ቡድን ሲሳካለት ሌላውን መንደር ሄዶ አስተማረ። ማገዶ ፍለጋ ስትንከራተት የኖረች ሴት ለመንደሩ መሪና አስተማሪ ሆነች። «ዲፕሎማ የሌላቸው የደን ባለሙያዎች» የሚል ስምም ወጣላቸው።

በ1997 ዓ.ም. ዋንጋሪ ማታይ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ናቸው። እስከዚያ ከ30 ሚሊዮን በላይ ዛፎች ተተክለው ነበር። እርሳቸው በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፉ፤ ሥራው ግን ቀጥሏል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? ይህን የምታነቢ እህታችን፣ አንቺም ፊደል ቆጥረሻል። የእጅሽን ዕውቀት አትናቂው። የምታውቂውን ለጎረቤትሽ አሳዪ። መሪነት ከዚያ ይጀምራል።

አንብባችሁ ተወያዩ፦
1. ማገዶ ሲጠፋ ልጆች ለምን ከሱ?
2. ሴቶቹ ችግኙን ከዶሮና ከፍየል እንዴት ጠበቁ?
3. በቀበሌያችሁ ዘር የሚለቀምበት የአገር ዛፍ የትኛው ነው?